የበረዶው ልክ

ከፖርቴጅ ጎዳና፣ ከዘጠነኛው ፎቅ፣
የዊኒፔግ ጥር ነው ከመስኮቴ ማዶ፣ የማይዘንብ፣ የማይሞቅ።
«ላም አለኝ በሰማይ» ሲል ሰው ይቀልዳል፤
የእኔ ደመወዝ ግን ከዚያችው ላም ይታለባል፤
ክሳቷን እለካለሁ፣
በክፉ ዓመት ስንት የጎን አጥንት እንደምታሳይ
አስቀድሜ እቆጥራለሁ።

ማክሰኞ ከሰዓት አንድ ሽማግሌ መጣ፤
ኦሬስት ህናትዩክ፤ ጓንቱን ከነውርጩ ከእጁ ላይ አወጣ።
ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ የነዳ፣
በፍሬን እንጂ በዕድል መንገድ ያልወጣ፣ የሌለበት ዕዳ።
«ያጠራቀምኳት» አለኝ «ምን ያህል ታሰጋለች? ንገሪኝ በቁጥር፤
ስቴፋኒያ እንቅልፍ አጥታለች፤ እኔም አድራለሁ የጣራ እንጨት ስቆጥር።»

ስክሪኑን አዞርኩለት።
«ይሄ የገንዘብዎ ትንፋሽ ነው» አልኩት፤
«ከአማካዩ ምን ያህል እንደሸሸ፣ ወጥቶም ሆነ ወርዶ፣
መዋዠቁ ሁሉ በአንድ ቁጥር ይታሰራል፣ እንደ ነዶ።»
«ሲወጣም ስጋት ነው?»
«ለቀመሩ አዎን፤ ለሱ እልልታና ዋይታ አንድ ድምፅ ነው።»
«እኔ ግን» አለ «ስላተረፍኩ ሐኪም ቤት ሄጄ አላውቅም።»
ለዚህም ሌላ ቀመር ነበረን፤ አላወጣሁትም።

ቤታን ነገርኩት፤ ገበያው ሲያስነጥስ
የእሱ ገንዘብ ምን ያህል እንደሚንቀጠቀጥ፣ እስከ የት እንደሚደርስ።
ፈገግ አለ። ከጓንቱ ውሃ ይወርዳል፣ ጠረጴዛው እስኪርስ።

ከዚያ ትልቁን ቁጥር፣ የምኮራበትን፣ አወጣሁ፤
ድምፄን እንደ ዳኛ ዝቅ አደረግሁ፤
«ከመቶ ወር» አልኩት «በዘጠና አምስቱ
ከስምንት ሺህ ዶላር አይዘልም ጉዳቱ።»

ዝም።

«አምስቱስ?» አለኝ። «ልጄ፣ አምስቱ?»

እዚህ ላይ ያጥረዋል የሙያዬ ክንድ፤
የአጥሩን ቁመት ይናገራል እንጂ፣
ከወዲያ ያለው ጅብ መንጋ ይሁን አንድ
አያውቅም።

«ጊምሊ ላይ» አለ «ኤይናር የሚባል ወዳጅ ነበረኝ፣ ዓሣ አጥማጅ፣
ሐይቁ ሲረጋ መኪናውን የሚነዳበት፣ እንደ ገዛ ደጁ ደጅ።
አንድ መጋቢት ወረደና በረዶውን በሳው፤
አስራ ስምንት ኢንች! የጭነት መኪና የሚሸከም ነው።
ሁለት ኪሎ ሜትር ሄደ። ውሃው ከሥር የሚሮጥበት ስንጥቅ ነበረ፤
መኪናው በአፍንጫው ገባ፤ እሱ በመስኮት ወጣ፣
አንድ ጫማውን ለዓሣው ገበረ።
ልኩ ግን ልክ ነበረ።
የለካው የቆመበትን ነው እንጂ
የሚሄድበትን አይደለም።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤
ይሄ ሰው ግን ጠርጥሮ፣ ሰርስሮ፣ ለክቶ ነበረ።

ግራፌን ዞሬ አየሁት፤
የአስር ዓመት ዋጋ፣ እየተንገዋለለ፣
አንድም ነጥብ የለ
ነገ ላይ ቆሞ የተለካ፤
ሁሉም ዳር ላይ ነው የተበሳ፣ ሁሉም ከኋላ ነው ለካ!

እናም ቅጹ ላይ የሌለውን ጠየቅሁት፦
«ግማሹ ቢሄድብዎ፣ ቤትዎ ውስጥ ምን ይጎድላል?»
ጣቱን አጠፈ። «የጣራው ጥገና።
የስቴፋኒያ ጥርስ።
ማሞቂያው…» ሦስተኛዋ ጣት ላይ ቆመ። «እሱስ አይሆንም።»

ጥርስና ጣራ፣ የሦስት ዓመት ማሞቂያ
ለየንና ከገበያው አወጣን፤
የቀረውን ለእነዚያ አምስት ወራት አጋልጠን ተውን።
ሲሄድ እጄን ጨበጠኝ፤ ጓንቱ ገና እርጥብ ነበር።

በአስራ ሁለት ሰዓት ወጣሁ። ወንዙ ረግቶ መንገድ ሆኗል፤
ልጆች ይንሸራተቱበታል፤ ሰሌዳው «ክፍት ነው» ይላል፣
ከሥሩም የዛሬ ጠዋት ውፍረት በጠመኔ ተጽፏል።
ቁጥሩን አነበብኩ፤ አልጠላሁትም፤
የት እንደተበሳ ግን አይልም።
በተረከዜ ሁለቴ መታ መታ አደረግሁት፤

ተሻገርኩት።